ወይዘሮ ይርጋነሽ ያልነበሩባቸው ሰባት ወራት

ወይዘሮ ይርጋነሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሞጣ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ አንሶላ አጥበዋል። ሥራው ከባድ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ክብደቱ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚያወሩት ስለ ፀሐይ ነው። የሞጣ ፀሐይ አንሶላን ከቢቸና ፀሐይ ቀድማ ታደርቃለች ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ሁለቱንም ለክቶ የጨረሰ ሰው ነው የሚመስሉት። ባላቸው አቶ ደሴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጅ አልወለዱም። ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው የጡረታ ደብተራቸውን ይዘው፣ እናታቸው ቢቸና ወደተዉላቸው ቤት ተመለሱ። ከኔና ከባለቤቴ ከጸደንያ ቤት ሦስተኛው በር ነው። እኔና ጸደንያም ሞጣ አስተምረን ነው ጡረታ የወጣነው፤ ስለዚህ የምናወራው አናጣም ነበር።

የሦስታችንም ፋይል ሞጣ ቀረ። ገንዘቡ ቢቸና ባለው ባንክ በኩል ይመጣል፤ ጥያቄ ያለው ሰው ግን ጥያቄውን ተሸክሞ ሞጣ ድረስ መሄድ አለበት።

እትዬ ይርጋነሽ የኑሮ ውድነትን የሚከታተሉት በቅቤ ነው። ጡረታ በወጡበት ዓመት የወር አበላቸው አምስት ኪሎ ቅቤ ይገዛ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሦስት ተኩል ገዛ። አንድ ጊዜ አበሉ መጨመሩን በሬዲዮ ሰምተው ደስ ብሏቸው ገበያ ወጡ፤ ቅቤ ሻጮቹም ሬዲዮ እንዳላቸው እዚያ ሲደርሱ ገባቸው። ካቻምና ሁለት ኪሎ ላይ ወረደ። ያኔ ነው ተዝካራቸውን ያሰቡት።

ተዝካር ሰው ከሞተ በኋላ ለነፍሱ ተብሎ ዘመድ የሚያወጣው ድግስ ነው። እኛ አገር ግን የሚያወጣለት የሌለው፣ ወይም የሚያወጣለትን የማያምን ሰው፣ በቁሙ ራሱ ያወጣዋል። ነውር የለበትም። ካህናቱ ይጸልያሉ፣ ድሃው ይበላል፣ ባለቤቱም እያየ ይደሰታል። እትዬ ይርጋነሽ ነገሩን መጀመሪያ ያነሱት ለጸደንያ ነው። ጸደንያ ያን ጊዜ ታማ በረንዳው ላይ ፀሐይ ትሞቅ ነበር።

«አምስት ዓመት ቆይቼ ብሞት ተዝካሬ ስንት ሰው ያበላል?» አሏት።

«ማን ሊያወጣልዎት? ያ የባሕር ዳሩ የወንድምዎ ልጅ?»

«እሱማ አንድ ሳጥን ለስላሳ ይዞ ይመጣል። ማታ ደግሞ ጠርሙሱን ቆጥሮ ይሄዳል።»

«እንግዲያስ ብሩ ገና ብር እያለ አሁን ያውጡት» አለች ጸደንያ። «እኔም እበላለሁ።»

አልበላችም። በጥር ወር አረፈች።

እትዬ ይርጋነሽ ያላቸውን አንድ ጊደር ሸጡ፤ በጎች ገዙ፤ ጌሾ ወቀጡ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ስጦታው ሲጠየቁ፣ «መልካም ሐሳብ ነው፤ ጠላው ብቻ እንዳይቀጥን» ብለው ፈቀዱ። ድግሱ የሆነው ጸደንያ ካረፈች በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነበርና እኔ አልሄድኩም። ሊያራዝሙልኝ ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን በጎቹ ተገዝተዋል፣ ዐቢይ ጾምም እየተቃረበ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ ሲበረታ ተነሥተው ሄዱ።

ከድግሱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አንድ ንቅናቄ ወደ ከተማችን መጥቶ ነበር። ስሙ ረጅም ነው፤ የአረጋውያንን ገቢ ከኑሮ ውድነት የመጠበቅና የማኅበራዊ ዋስትናቸውን የማጠናከር ንቅናቄ ይባላል። ለሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠ። የታሸገ ውሃ ታደለ፤ አበልም ተከፈለ፤ ለሠልጣኞቹ ማለቴ ነው። የአረጋውያንን ገቢ ለመጠበቅ ብዙ መንገዶች እንዳሉ በሰፊው ተብራራ። አበሉን ከገበያው ጋር ማስተያየት አንዱ ነበር፤ በጀት ይጠይቃል ተብሎ ታለፈ። ዘይትና ስኳር በቅናሽ ማቅረብ ሌላው ነበር፤ እሱም ታለፈ። በመጨረሻ ምንም ወጪ የሌለው አንድ ተገኘ። ይኸውም ሞተው ሳለ ጡረታ የሚከፈላቸውን ሰዎች ከመዝገብ ማውጣት ነው። የሞቱት ሲወጡ ለቀሩት ይተርፋል ተባለ።

የቀበሌያችን የመረጃ ሠራተኛ ሐብታሙ ይባላል። ትጉህ ሰው ነው፤ ይህን በሽሙጥ አልናገርም። የመጀመሪያ ሪፖርቱን ሲልክ የሞተ ጡረተኛ አላገኘሁም ብሎ ጻፈ። ከበላይ ተቆጡት። ይህን ያህል ሽማግሌ ባለበት ቀበሌ እንዴት አንድ ሟች ይጠፋል አሉት። ሐብታሙ ቁጭ ብሎ አሰበ። ጡረታው እንዳይቋረጥ ብሎ ሞትን የሚደብቅ ቤተሰብ ይኖራል። ተዝካርን ግን ማንም አይደብቅም፤ ተደብቆ የሚወጣ ተዝካር የለምና። ስለዚህ ዳስ እየተከተለ መዞር ጀመረ። ዳስ በተተከለበት ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ የማን ተዝካር እንደሆነ ይጠይቃል፣ ስም ይጽፋል፣ ቀን ይጽፋል። በዚህ ዘዴ በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሟቾች አገኘ፤ ምስጋናም ተጻፈለት። ከአሥራ አንዱ አሥሩ በእርግጥ ሞተዋል።

በእትዬ ይርጋነሽ ዳስ ደጃፍ የጠየቀው ሰውም አልዋሸውም። «የማን ተዝካር ነው?» ሲለው፣ «የእትዬ ይርጋነሽ» አለው። ሐብታሙ ጽፎ ደብተሩን ዘጋ። እንዲገባ ለመኑት፤ ገብቶ በላ። ሞሰቡን ወደሱ የገፉለት ነጭ የለበሱ ሴት ባለ ተዝካሯ ራሳቸው ነበሩ፤ የሟች እኅት መስለውት «እግዜር ያጥናዎት» አላቸው። እሳቸውም ስለ ጸደንያ የተናገረ መስሏቸው «አሜን» አሉ።

በመጋቢት ገንዘብ አልገባም። ዘግይቶ ይሆናል አሉ። በሚያዝያም አልገባም። እነዚያን ሁለት ወራት ከተዝካሩ የተረፈውን እንጀራ አድርቀው፣ ድርቆሹን በበርበሬ እያራሱ በሉ። በግንቦት ባንክ ሄደው ጠየቁ። የባንኳ ልጅ ስማቸውን አይታ፣ «እማማ፣ አካውንቱ አለ። የሚገባበት ነገር ነው የሌለው» አለቻቸው። ከባንክ ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐብታሙ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና ኮምፒውተሩን ከፈተ።

«እማማ፣ እዚህ ላይ በጥር ወር አርፈዋል ይላል።»

«ማን?»

«እርስዎ።»

«እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ።»

«አይቻለሁ። ግን ተዝካርዎ ወጥቷል አይደል?»

«ወጥቷል።»

«እንግዲህ» አለ ሐብታሙ፣ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቶ።

«አንተስ በልተህ የለም እንዴ?»

«በልቻለሁ። ስለዚህም ነው እርግጠኛ ሆኜ የጻፍኩት።»

ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ስም መላክ እንጂ መመለስ ለእሱ አልተሰጠም። የተላከ ሰው የሚመለሰው ፋይሉ ካለበት ቦታ ነው፤ ሞጣ መሄድ አለብዎት አላቸው።

መንገዱ ያን ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። በሰኔ በተከፈተ ዕለት በሚኒባስ ተሳፈርን። ሒሳብ ሲከፈል እትዬ ይርጋነሽ ሾፌሩን፣ «ልጄ፣ ለጡረተኛ ቅናሽ የለህም?» አሉት።

«ነዳጁ ጡረታ አልወጣም፣ እማማ» አላቸው።

«እኔስ ከጡረታውም ወጥቻለሁ። ሞተሻል ነው የሚሉኝ።»

«ለሬሳማ ዋጋው ሌላ ነው። እንደ ጡረተኛ ቢከፍሉኝ ይሻልዎታል።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁና ከፈሉ። በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይን አድርገን እኩለ ቀን ላይ ሞጣ ገባን። ከመኪናው ሲወርዱ መጀመሪያ ያዩት ሰማዩን ነው። «ይቺ ናት ፀሐይ» አሉኝ።

የጡረታ ጉዳይ የሚታይበት ክፍል ውስጥ ያለው ሠራተኛ ሰማው ይባላል። ሃያ ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሲያያቸው ብድግ አለ።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ እኔማ አውቅዎታለሁ። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደበትን አንሶላ ያጠቡት እርስዎ ነዎት። የማያውቅዎት ሲስተሙ ነው።»

«ታዲያ አስተዋውቀና።»

«በደብዳቤ ነው የሚተዋወቀው። በሕይወት መኖርዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌዎ ያምጡልኝ።»

«ሞቼም ሳለሁ ይህን ሁሉ መንገድ መጣሁ፤ ይህ አይገልጽም?»

«ለኔ ይገልጻል» አለ ሰማው። «ማኅተም ግን የለውም።»

እኔም የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። የጸደንያን ማረፍ የሚገልጽ ወረቀት ይዤ ነበር፤ ጡረታዋ መቆም ነበረበት። ሰማው ስሟን ፈልጎ ገጹን ወደኔ አዞረው። ጸደንያ በሕይወት አለች፤ የሰኔ አበሏም ተዘጋጅቷል። ተዝካሯን ገና ስላላወጣሁ ሐብታሙ አልደረሰባትም ነበር። ስሟን እስከ አያቷ አነበብኩት። ወረቀቱን ያን ዕለት አልሰጠሁም። በሚቀጥለው ጊዜ ስንሄድ ሰጠሁት።

ቢቸና ስንመለስ ሐብታሙ መሳቢያውን ከፍቶ የደብዳቤ ዓይነቶቹን አወጣ። የነዋሪነት አለ፣ ያላገባ አለ፣ የድህነት አለ፣ የሞት አለ። የሕይወት የለም። እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆ አያውቅም። ለበላይ ጻፈ። መልሱ እስኪመጣ ሐምሌና ነሐሴ አለፉ። እትዬ ይርጋነሽ የጓሯቸውን ጎመን ቀነጠሱ፤ ጎመኑ ሲያልቅ የሰው ልብስ እያጠቡ ዱቄት ያገኙ ጀመር። በሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። እኔ ቤት ያለውን ላካፍላቸው ስል፣ «ለጸደንያ ተዝካር አስቀምጠው፣ መምህር» እያሉ ይመልሱኛል። በመስከረም መመሪያው መጣ። ሦስት ምስክሮች በሕይወት መኖራቸውን ካረጋገጡ ደብዳቤው ይጻፍላቸው ይላል። በተዝካሩ ላይ ተገኝቶ የበላ ሰው ግን ምስክር ሊሆን አይችልም።

«ለምን?» አልኩት ሐብታሙን።

«በሞታቸው የበላ ሰው ስለ ሕይወታቸው ቢመሰክር የጥቅም ግጭት አለበት ነው የሚሉት።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ በልቻለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አልጠየቁኝም።»

ይህ ለእትዬ ይርጋነሽ ከጡረታው መቋረጥ የባሰ ሆነባቸው። ማንንም ላለማስቀየም ሰፈሩን በሙሉ ጠርተው ነበር፤ ካህናቱን፣ ዕድሩን፣ ባንኩን፣ የመንገድ ለማኞቹን ሳይቀር። አሁን ደግሞ ያልበላ ሰው ጠፋ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ቤት በቤት እየቆጠርን አሰብን። አንደኛው እኔ ሆንኩ። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው ሰይድ ነው። በደግ ዘመን ቢሆን ለሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻ ያሳርዱ ነበር፤ ለዚህ ተዝካር ግን አቅም አጡና አፍረው ሳይጠሩት ቀሩ። ሄደው ሲነግሩት ሰይድ መርፌውን ደረቱ ላይ ሰካና፣ «አልተቀየምኩም፣ እትዬ። እንዲያውም እንኳን አልጠሩኝ» አላቸው።

ሦስተኛው ሰው ከአንድ በር በቀር የትም አልተገኘም፤ እሱም የአጥር ጎረቤታቸው የአመተ ሥላሴ በር ነው። ሁለቱ ሴቶች ከአራት ዓመት በፊት በውሃ መውረጃ ቦይ ተጣልተዋል። የእትዬ ይርጋነሽ ቦይ የሚያልፈው በአመተ ሥላሴ ደጅ ነው። ሽማግሌ ገብቶበታል፣ ዕድር ገብቶበታል፣ ቀበሌ አቤቱታ ተጽፎበታል፤ ማንም አልፈታውም። ለተዝካሩ ሰው ልከው ሲጠሯቸው አመተ ሥላሴ፣ «እውነተኛው ሲወጣ እመጣለሁ በሏት» ብለው መልሰው ነበር።

እትዬ ይርጋነሽ ብቻቸውን መሄድ ስላቃታቸው ተከትያቸው ሄድኩ። አመተ ሥላሴ በሩን ገርበብ አድርገው በመሐል ቆሙ።

«ምን ጎደለሽ?»

«ለምስክርነት ፈልጌሽ ነው።»

«በማን ላይ?»

«በኔ ላይ። መኖሬን እንድትናገሪልኝ።»

«መኖርሽንማ አራት ዓመት ለሰው ሁሉ ስናገር ነው የከረምኩት። ማን ሰማኝ?»

«አሁን የሚሰማሽ ተገኝቷል።»

አመተ ሥላሴ እኔን አዩ፤ እትዬ ይርጋነሽን አዩ፤ በሳሙና የተበላውን እጃቸውንም አዩ።

«ቦዩስ?»

«ቦዩ እናቴ ያስቆፈረችው ነው።»

«እንግዲያስ እናትሽ ትመስክርልሽ።»

ሰባተኛው ወር እያለቀ ነበር። በእትዬ ይርጋነሽ ቤት የቀረውን ዱቄት እኔም አውቃለሁ። እናታቸው ካሠሯቸው ነገሮች ከዚያ ቦይ በቀር የቀረ እንደሌለ ደግሞ ራሳቸው ነግረውኛል። አመተ ሥላሴ በሩን ሊዘጉ ገፋ ሲያደርጉ እትዬ ይርጋነሽ፣ «በኔ ጓሮ እቀይሰዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«መቼ?»

«ከምስክርነቱ በኋላ።»

«በፊት ይሁን። ብትሞቺብኝስ?»

በማግስቱ ሰይድ ዶማ ይዞ መጣ፤ እኔም አፈር አወጣሁ። ቦዩ በሁለት ቀን ተቀየሰ።

በቀበሌው እኔ ቀድሜ መሰከርኩ፣ ሰይድ ተከተለ። ሐብታሙ የኛን በአንድ በአንድ መስመር ጻፈ። ከዚያ አመተ ሥላሴ ቀረቡ።

«ወይዘሮ ይርጋነሽን ያውቋቸዋል?»

«ከሚገባው በላይ።»

«በሕይወት አሉ?»

«አለች። ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ሳሙና ያለበት ውሃ ደጄ ላይ ለቃብኛለች። የሞተ ሰው ልብስ አያጥብም።»

ሐብታሙ እስክሪብቶውን ይዞ አመነታ። «ይህን ልጻፈው?»

«ጻፈው እንጂ። ከቅዳሜው በፊት ያለውንም ጻፍ። ረቡዕም ለቃለች።»

ጻፈው። በዚህ ዓይነት የአመተ ሥላሴ አቤቱታ ከአራት ዓመት በኋላ የመንግሥት ማኅተም አገኘ፤ ያገኘውም ቦዩ ከተዘዋወረ በኋላ ነው። እትዬ ይርጋነሽ ደብዳቤውን አንብበው አጣጠፉትና፣ «ረቡዕ አልለቀቅኩም» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሐብታሙ እንዳይሰማ።

በጥቅምት ሞጣ ገባን። ሰማው ደብዳቤውን ከልቡ ተደስቶ ተቀበለ። ጥቂት ነካካና፣ «ገብተዋል። ከዚህ ወር ጀምሮ አበልዎ ይመጣል» አላቸው። ከዚያ ከማተሚያው አንድ ገጽ አውጥቶ ፊታቸው ዘረጋው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኛል።»

እትዬ ይርጋነሽ ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አስኪደው ነው የሚያነቡት። ከመጋቢት እስከ መስከረም ባሉት ሰባት ወራት በመዝገብ ያልነበርኩ በመሆኔ የእነዚህን ወራት አበል አልጠይቅም ይላል። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የሰባቱ ወርስ?»

«እሱ አይቻልም፣ እትዬ። ሲስተሙ ያስገባዎት ዛሬ ነው። ደግሞም ገንዘቡ በንቅናቄው የዳነ ተብሎ ሪፖርት ተልኳል።»

«ለማን ነው የዳነው?»

«ለአረጋውያን።»

«እኔስ?»

ሰማው አንገቱን አከከ። «እርስዎ ያኔ አልነበሩም።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ፋይሉ ወደነበረበት ይመለሳል። ከዚያ እንደገና በአዲስ ምስክሮች ከደብዳቤው ነው የሚጀመረው።»

ወደኔ ዞር አሉ። ለሌላ ሦስት ምስክር የሚበቃ ያልበላ ሰው ቢቸና ውስጥ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። እስክሪብቶውን ተቀበሉና ፈረሙ። ሰማው ገጹን ሊስብ ሲል ግን እጃቸውን አላነሡም። ከፊርማቸው በታች ባለው ባዶ ቦታ፣ ፊደሉን እየነጠሉ፣ «ሰባቱንም ወር ነበርኩ» ብለው ጻፉ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ የሚጻፍ ነገር እኮ የለም» አለ ሰማው።

«ባዶ ሆኖ አይቼው ነው።»

ሌላ ገጽ ለማተም ወደ ማተሚያው ዞረ፤ ቀለሙ አልቆ ነበር። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና ወረቀቱን ትንሽ አየው። ከዚያ ማኅተሙን አነሣ፤ ጽሑፉ ላይ እንዳያርፍ ወደ ጥግ አድርጎ መታው፤ ፋይሉ ውስጥም አስገባው።

የጥቅምቱ አበል በወሩ መጨረሻ ቢቸና ገባ። የሰባቱ ወር እስካሁን አልገባም። እትዬ ይርጋነሽ ግን መንገድ ሲከፈት በየሁለት ወሩ ሞጣ ይሄዳሉ፤ ሰማውም ሳይጠየቅ ፋይሉን አውጥቶ ያችን ወረቀት ፊታቸው ያኖራታል።